ጽጌረዳ የሚሸተው ነጭ ወይን፦ ስለ ጌቩርትስትራሚነር ለተላኩ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ነጭ ወይን ዝርያዎች ባቀረብነው አጭር ማብራሪያ ጌቩርትስትራሚነር የሚባለውን ወይን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሰነው አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለዚሁ ወይን የሚጠይቁ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። ደብዳቤዎቹን ያቀረብናቸው አሳጥረን ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጀርመን ስትመጣ አንድ ጠርሙስ ነጭ ወይን ይዛልን መጣች። ስንከፍተው የሽቶ ያህል ሸተተን። ባለቤቴ «ይሄ ነገር አንድ ነገር ተጨምሮበታል» ብሎ ሳይቀምሰው ቀረ። ስሙን የሚያነብልን ሰው ብንጠይቅ ደግሞ ቅመም ማለት እንደሆነ ነገረን። በእርግጥ ቅመም አለበት?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የለበትም፤ ሽቶም ቅመምም አልተጨመረበትም። ባለቤትዎ መጠርጠራቸው ግን አያስገርምም። አብዛኛው ነጭ ወይን ብርጭቆውን ወደ አፍንጫ እስኪያስጠጉት ድረስ ጠረኑ እምብዛም አይሰማም፤ ይህኛው ገና ቡሹ ሲነቀል ራሱን ያስታውቃል።

«ጌቩርትስ» በጀርመንኛ ቅመም ማለት ነው። «ትራሚነር» ደግሞ የትራሚን የሆነ ማለት ሲሆን፣ ትራሚን በሰሜን ጣሊያን በአልፕስ ተራሮች መካከል የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ እስከ ዛሬ ጀርመንኛ የሚናገሩ ትንሽ የወይን መንደር ናት። አካባቢው ደቡብ ቲሮል ይባላል፤ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስም የኦስትሪያ ግዛት ነበር። ስለዚህ ስሙ የሚናገረው ጠረኑን ነው፤ «ቅመም ቅመም የሚለው ትራሚነር» እንደማለት ነው።

ስሙ ከመንደሯ መጣ ማለት ግን ተክሉ የተወለደው እዚያ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የወይን ገበሬ ወይንን ከፍሬው ዘር አያበቅልም፤ ዘሩ ቢዘራ የሚወጣው ከእናቱ የተለየ ባሕርይ ያለው ተክል ነውና። እንደ ሸንኮራ አገዳ ከነባሩ ተክል እየተቆረጠ ይተከላል፤ በዚህ መንገድ አንድ ተክል ለብዙ መቶ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይኖራል። በዚህ ረጅም ቅብብሎሽ ውስጥ አልፎ አልፎ በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ድንገተኛ የዘረ መል ለውጥ ይከሰታል፤ ገበሬውም ለውጡን ከወደደው ያንን ቅርንጫፍ ለይቶ ያባዛዋል። ጌቩርትስትራሚነርም የተገኘው እንዲህ ነው። መነሻው ሳቫኛን የሚባል ጥንታዊ ነጭ ወይን ሲሆን፣ ከእርሱ ቅርፊቱ ወደ ሮዝ የተለወጠ ዝርያ ወጣ፤ ከሮዙ ደግሞ መዓዛው እጅግ የጎላው የዛሬው ወይናችን ተገኘ። መዓዛው ያልጎላው ሮዝ ዘመዱ ዛሬም በፈረንሳይዋ አልሳስ ሃይሊገንሽታይን በምትባል መንደር አካባቢ ክሌቭነር ተብሎ ይመረታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በፈረንሳይ ኦርሌአን ከተማ በቁፋሮ የተገኘን 900 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የወይን ዘር መርምሮ፣ ዘረ መሉ ዛሬ በማሳ ላይ ካለው ነጭ ሳቫኛን ጋር አንድ ሆኖ አግኝቶታል። እህትዎ ያመጡልዎት ወይን የዚህን ያህል ዕድሜ ካለው ቤተሰብ የመጣ ነው፤ ባለቤትዎ አንድ ጊዜ ቢቀምሱት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ምንም ሳይጨመርበት የአንድ ፍሬ ጭማቂ እንዴት ጽጌረዳ ሊሸት ይችላል? ፍሬው ሮዝ ከሆነስ ወይኑ ለምን ነጭ ሆነ?
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ መልሱ አጭር ነው። የአብዛኞቹ የወይን ፍሬዎች ቀለም ያለው በቅርፊታቸው እንጂ በሥጋቸው ውስጥ አይደለም። ፍሬው ተጨምቆ ጭማቂው ከቅርፊቱ ቶሎ ከተለየ፣ ቅርፊቱ ሮዝም ቢሆን ወይኑ ነጭ ይሆናል። የዚህ ዝርያ ወይን ግን ከሌሎች ነጭ ወይኖች ይልቅ ወደ ወርቃማነት ያደላል፤ አንዳንዴም በብርጭቆው ውስጥ ቀላል የመዳብ ጥላ ይታይበታል። ያ ከቅርፊቱ የተረፈ ምልክት ነው።

ወደ መዓዛው ስንመጣ፣ ተርፒን የሚባሉ ውህዶች አሉ። ጄራኒዮል፣ ሊናሎል፣ ኔሮል እያልን የምንጠራቸው እነዚህ ውህዶች በብዙ አበቦችና ቅጠሎች ውስጥ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በአብዛኞቹ የወይን ዝርያዎች ውስጥ መጠናቸው ኢምንት ነው፤ ሙስካት በሚባለው የወይን ዝርያና በጌቩርትስትራሚነር ውስጥ ግን ብዙ ነው። ለእርስዎ ይበልጥ የሚያስደስትዎ የጽጌረዳ ኦክሳይድ የሚባለው ይመስለኛል። ይህ ውህድ በጽጌረዳ ዘይት ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ የሰው አፍንጫ እጅግ ጥቂት በሆነ መጠን እንኳ ይለየዋል። በተጨማሪም ላይቺ የሚባለው፣ ቅርፊቱ ቀይና ሻካራ፣ ውስጡ ነጭና ውኃማ የሆነው የእስያ ፍሬ ዋነኛ ጠረን ከዚሁ የሚመጣ ነው። የወይን ቀማሾች ይህን ወይን «ላይቺ ላይቺ ይላል» ሲሉ ለብዙ ዘመን እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ይቆጠር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ግን የፍሬውንና የወይኑን ጠረን ውህድ በውህድ አነጻጽሮ፣ ሁለቱ በእርግጥ የሚጋሯቸው ቁልፍ የጠረን ውህዶች እንዳሉ አሳየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጽጌረዳ ስል የማስበው በአሮጌ ግቢዎች በአጥር ጥግ የሚበቅለውን፣ ማለዳ ላይ ጤዛ ሲያርፍበት ከሩቅ የሚሸተውን ጽጌረዳ ነው። ለውጭ ገበያ ተብለው በዝዋይና በሌሎችም ቦታዎች የሚመረቱት ጽጌረዳዎች በአብዛኛው የተዳቀሉት ግንዳቸው እንዲረዝምና በአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ብዙ ቀን እንዲቆዩ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ጠረን የላቸውም። ያንን አሽትቶ ይህን ወይን ለመለየት የሚሞክር ሰው ግራ ይጋባል።

ለጥናትዎ የሚጠቅም አንድ ነጥብም ልንገርዎ። ከተርፒኖቹ ከፍተኛው ድርሻ በፍሬው ውስጥ ያለው ከስኳር ሞለኪውል ጋር ተጣብቆ ነው፤ በዚያ ሁኔታ ሳለም አይሸትም። በመፍላት ጊዜና ከዚያ በኋላ በኢንዛይምና በአሲድ አማካይነት ከስኳሩ ሲላቀቅ ነው መዓዛው ቀስ በቀስ የሚገለጠው። መዓዛው በብዛት ያለው በቅርፊቱና ከቅርፊቱ ሥር ባለው ሥጋ ስለሆነም፣ አንዳንድ ወይን ጠማቂዎች ፍሬውን ከጨፈለቁ በኋላ ወዲያው ከመጭመቅ ይልቅ ለጥቂት ሰዓታት ጭማቂውን ከቅርፊቱ ጋር በቀዝቃዛ ቦታ ያቆዩታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአልሳስ በለቀማ ወቅት አንድ ዘለላ በእጄ ይዤ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ቀምሼ ነበር። ዘለላው ትንሽ፣ ፍሬዎቹም ጥቃቅንና እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ነበሩ። ሥጋውን ለብቻው ስመጠው ጣፋጭ ነበር፤ የተለየ ነገር ግን አላገኘሁበትም። ቅርፊቱን ለብቻው ሳኝከው ግን መጀመሪያ ጽጌረዳ፣ ቀጥሎ ዝንጅብል የመሰለ ነገር፣ በመጨረሻም ምላሴን የሚይዝ ምሬት መጣ። መዓዛውና ምሬቱ የሚኖሩት በአንድ ቤት ውስጥ ነው፤ አንዱን አብዝቶ የሚፈልግ ጠማቂ ሌላውንም ይቀበላል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ሠርግ ላይ ይህን ወይን ቀምሼ በጣም ስለጣፈጠኝ ሱቅ ሄጄ ያንኑ ስም አይቼ ገዛሁ። የገዛሁት ከጣሊያን ደቡብ ቲሮል የመጣ ሲሆን አልኮሉ 14.5 በመቶ ይላል። ሽታው ያው ነው፤ ሲቀምሱት ግን አንዳች ስኳር የለውም፣ መጨረሻው ላይም ይመራል። ተበላሽቶ ነው ወይስ ተታልዬ ነው?
አንባቢ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ አልተበላሸም፣ አልተታለሉምም። በዚህ ወይን ዙሪያ ከሚደርሱን ጥያቄዎች ሁሉ ይህኛው ዋነኛው ነውና ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

የእኛን ጠጅ ያስቡ። ማር በውኃ ተበጥብጦ ገና ሳይፈላ ብርዝ ነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ማርም ይሸታል። ጌሾ ገብቶበት እየፈላ ሲሄድ ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ በደንብ የበሰለና የከረረ ጠጅ በምላስ ላይ ጥፍጥናው ያልቃል። ነገር ግን ያንኑ የከረረ ጠጅ በብርሌ ይዘው ቢያሸቱት አሁንም የሚሸተው ማር ነው። የጠፋው ስኳሩ ነው፣ መዓዛው ግን አልጠፋም። ስኳር ለአፍንጫ ጠረን የለውም። አእምሯችን ማርን ከጣፋጭነት ጋር አብሮ ስለለመደ ብቻ የማር መዓዛ ሲደርሰን «ጣፋጭ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በጌቩርትስትራሚነርም የሚሆነው ይኸው ነው፦ ጽጌረዳና የበሰለ ፍሬ ስለሚሸት፣ ሳይቀመስ ጣፋጭ ተብሎ ይፈረድበታል። ባለፈው ወር ሦስት ወዳጆቼን ቤቴ ጠርቼ ሁለት ብርጭቆ አቀረብኩላቸው፤ አንዱ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ያለቀለት፣ ሁለተኛው ግልጽ ጣፋጭነት ያለው ነበር። እንዲያሸቱ ብቻ ብጠይቃቸው ሦስቱም ስኳር የሌለውን «ጣፋጩ ይሄ ነው» አሉኝ። ሲቀምሱት ፊታቸው ላይ የታየው ግርምት የእርስዎን ደብዳቤ አስታወሰኝ።

እንግዲህ ስሙ አንድ ሆኖ ወይኑ ለምን ሁለት ዓይነት እንደሚሆን ለመረዳት ወደ ማሳው መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ዝርያ ስኳር በፍጥነትና በብዛት የሚያከማች ሲሆን፣ ኮምጣጣነቱ ግን ከመነሻው ዝቅተኛ ነው፤ ፍሬው ሲበስልም ይበልጥ ይወርዳል። መዓዛው ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ገበሬው ቀድሞ ቢለቅም ኮምጣጣነቱን ያተርፋል፣ ወይኑ ግን ስሙን የማይመስል፣ ጠረን የሌለው ይሆንበታል። መዓዛው ሙሉ እስኪሆን ቢጠብቅ ደግሞ ስኳሩ ይበዛል፣ አሲዱ ይጠፋል። በጭማቂው ውስጥ በሊትር 17 ግራም ገደማ ስኳር ሲፈላ 1 በመቶ አልኮል ይሰጣል፤ ስለዚህ 240 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ እስከ መጨረሻው ከፈላ 14 በመቶ የሚሆን አልኮል ይኖረዋል። እዚህ ላይ ጠማቂው ይወስናል፦ ወይ እርሾው ስኳሩን ጨርሶ እንዲበላ ይተወዋል፣ ያኔ የእርስዎ ጠርሙስ ዓይነት ጠንካራና ስኳር የሌለው ወይን ይወጣል፤ ወይም መፍላቱ ስኳሩ ሳያልቅ እንዲቆም ያደርጋል፣ ያኔ አልኮሉ ቀነስ ያለና የሚጣፍጥ ወይን ይሆናል። በደቡብ ቲሮል የሚመርጡት በአብዛኛው የመጀመሪያውን ነው። በአልሳስ ሁለቱም አለ።

ምሬቱን በተመለከተ እንደ ጉድለት ባያዩት ደስ ይለኛል። በሌሎች ነጭ ወይኖች፣ ለምሳሌ በሪዝሊንግ፣ ወይኑን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ኮምጣጣነቱ ነው። በዚህኛው ያ አቅም ስለሌለ ቦታውን የሚሸፍነው ከቅርፊቱ የመጣው ቀለል ያለ ምሬት ነው፤ ጌሾ በጠጅ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። ጌሾ የሌለው ጠጅ ልፍስፍስ እንደሚሆን ሁሉ፣ ምንም ምሬት የሌለበት ጌቩርትስትራሚነርም በአፍ ውስጥ ቅባትና ሽቶ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በእርግጥ ምሬቱ ጉሮሮ እስኪይዝ ከደረሰ ጠማቂው ከቅርፊቱ ጋር ከልክ በላይ አቆይቶታል ማለት ነው፤ እንዲህ ያሉ ጠርሙሶችም አጋጥመውኛል።

ለወደፊቱ ሱቅ ውስጥ ቆመው ሳሉ የሚረዳዎትን ልንገርዎ። መጀመሪያ የአልኮሉን መጠን ይመልከቱ፦ 14 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳሩ አልቋል ብሎ መገመት ብዙውን ጊዜ አያሳስትም፤ 12 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ስኳር ቀርቶበታል። ከአልሳስ የመጣ ከሆነ ሥራዎ ቀሏል፤ ከእ.ኤ.አ. 2021 ለቀማ ጀምሮ የጣፋጭነቱን ደረጃ በጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ ሆኗልና። «ሴክ» ስኳር የሌለው፣ «ደሚ ሴክ» ጥቂት ያለው፣ «ሞዌሉ» በሊትር ከ12 እስከ 45 ግራም የያዘ፣ «ዱ» ከዚያም በላይ የሆነ ነው። የጀርመን ከሆነ «ትሮክን» የሚለው ቃል ስኳር የሌለው ማለት ነው። «ቫንዳንዥ ታርዲቭ» የሚል ካዩ ዘግይቶ የተለቀመ፣ ስኳሩ የተከማቸበት ፍሬ ነው፤ «ሴሌክሲዮን ደ ግሬን ኖብል» የሚል ከሆነ ደግሞ ክቡር ሻጋታ የሚሉት ፈንገስ ፍሬውን ወግቶ ውኃውን አድርቆት፣ ፍሬ በፍሬ ተመርጦ የተለቀመ ነው። ሁለቱም ስሞች እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይ ሕግ የተደነገጉ ሲሆን፣ ዋጋቸውም ከፍ ያለ ነው። በሠርጉ ላይ የወደዱት ዓይነት ከሆነ የሚፈልጉት «ሞዌሉ» የሚለውን ይያዙ። የሚኖሩት ለኒው ዮርክ ግዛት ቅርብ ስለሆነም ፊንገር ሌክስ በሚባለው የሐይቆች አካባቢ የሚጠመቀውን ቢሞክሩ መልካም ነው፤ አካባቢው ቀዝቃዛ ስለሆነ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል።

ጥያቄ፦ ከቅመም ምግብ ጋር የሚሄድ ወይን ይህ ነው ሲባል እሰማለሁ። ለበዓል ከዶሮ ወጥ ጋር ባቀርበውስ?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ አባባሉ በከፊል እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ያልተረዳው ግን ቅመምና በርበሬ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ መዓዛ ናቸው፤ የወይኑ ጠረን ከእነርሱ ጋር ይግባባል። የበርበሬ ማቃጠል ግን መዓዛ አይደለም፣ ሕመም ነው፤ አልኮልም ያንን ማቃጠል ያባብሰዋል። ስለዚህ 14.5 በመቶ አልኮል ያለውን ስኳር የለሽ ጠርሙስ ቀይ ከሆነ ዶሮ ወጥ ጎን ቢያቀርቡት እንግዶችዎ ምላሳቸው ይጋያል፣ ወይኑም ከምሬት በቀር ምንም አይተርፈውም። ይህን የምለው አድርጌው ስላየሁት ነው።

በአንጻሩ አልኮሉ 12 በመቶ ገደማ የሆነና ስኳር የቀረበት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ስኳሩና ቅዝቃዜው ማቃጠሉን ያበርዱታል፤ የቁሌቱ ሽንኩርት ለሰዓታት ሲበስል የሚያወጣው ጣፋጭነት፣ የንጥር ቅቤው ኮረሪማና የዕንቁላሉ ልስላሴ ከወይኑ ጋር ይገናኛሉ። ያም ሆኖ ምርጫውን ለእኔ ቢተዉት ዶሮውን ትቼ ከአልጫ ጋር አቀርበው ነበር። በዕርድና በዝንጅብል የተሠራ የበግ አልጫ፣ በርበሬ የሌለው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ያልበዛ፣ ከስኳር የለሹ ጌቩርትስትራሚነር ጋር ሲቀርብ ካየኋቸው ጥምረቶች ሁሉ የሚበልጥ ነው። አልሳሶች ራሳቸው የሚያቀርቡት ሙንስተር ከሚባለው ጠረኑ ኃይለኛ አይባቸው ጋር ሲሆን፣ አይቡ ላይ ከሙን ይነሰንሱበታል። ለእኛ ያደረ አይብ በኮረሪማ ቅቤ ተለውሶ ቢቀርብ ወደዚያ ይጠጋል ብዬ አስባለሁ።

አቀራረቡን አይዘንጉት። ከፍሪጅ አውጥተው ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ 10 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። በአንድ ሆቴል ይህንን ወይን ከበረዶ ባልዲ ውስጥ አውጥተው፣ ጠርሙሱ እጅ እስኪያደነዝዝ ቀዝቅዞ ሳለ ቀድተው ሰጥተውኝ ነበር፤ ብርጭቆው ውስጥ የቀረው ምሬቱ ብቻ ነበር፤ ያ ሁሉ ጽጌረዳ የመጣው ግማሹን ከጠጣሁት በኋላ ነው። ለመዓዛው ከፍሎ የገዛ ሰው መዓዛውን በቅዝቃዜ ሊከለከል አይገባም።

ጥያቄ፦ እዚህ እስራኤል ያለው ጌቩርትስትራሚነር ከአውሮፓው ጋር አንድ ነው? አገሩ ሞቃት አይደለም ወይ?
አንባቢ፣ ከነታንያ

መልስ፦ ዝርያው አንድ ነው። ሙቀቱን በተመለከተ ትክክል ብለዋል፤ በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ላይ ቢተከል አሲዱ ገና ሳይለቀም ባለቀ ነበር። ስለዚህም የሚተከለው ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ከፍ ባለ ቦታ ነው፤ በተለይም በጎላን ከፍታ፣ ከባሕር ወለል እስከ 1,200 ሜትር በሚደርሱ ማሳዎች። እ.ኤ.አ. በ1983 በካጽሪን የተመሠረተው የጎላን ከፍታ ወይን ፋብሪካ በያርደን ስም ከዚሁ ፍሬ ልዩ የሆነ ጣፋጭ ወይንም ይሠራል። በጀርመንና በካናዳ የበረዶ ወይን የሚሠራው ፍሬው በማሳው ላይ ሳለ ውርጭ በረዶ እስኪያደርገው ተጠብቆ ነው፤ እዚያ ያን ያህል ብርድ ስለሌለ ፍሬው ተለቅሞ በፋብሪካው ውስጥ በረዶ እንዲሆን ይደረጋል። ውኃው በረዶ ሆኖ ሲቀር ስኳሩ የበዛበት ጥቂት ጭማቂ ይወጣል። ለበዓል ማሳረጊያ የሚሆን ነገር ከፈለጉ እርሱን ይፈልጉ፤ በትንሽ ብርጭቆ፣ በቀስታ የሚጠጣ ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቼ ከዝዋይ ብዙም በማይርቅ ቦታ መሬት አላቸው። በአካባቢው ወይን መመረት ከጀመረ ቆይቷል። ይህን ዝርያ ብንሞክረውስ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ተስፋ ልሰጥዎትም ተስፋ ላስቆርጥዎትም አልፈልግም፤ ስለዚህ ተክሉ የሚፈልገውን ነገር ብቻ በግልጽ ላስቀምጥ።

በዝዋይ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ላይ፣ የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻ አለ፤ ወይኖቹም ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ ለገበያ ቀርበዋል። እዚያ ከተተከሉት መካከል ነጩ ሻርዶኔ ነው፤ ምርጫውም ምክንያት አለው። ሻርዶኔ በራሱ ጠረኑ ገለልተኛ ስለሆነ ኮምጣጣነቱ ሳይጠፋ ቀደም ተብሎ ቢለቀም ብዙ አይጎዳም። ጌቩርትስትራሚነር ግን ቀድሞ ከተለቀመ ስሙን ያጣል፣ ከተጠበቀ ደግሞ በሞቃት አገር አሲዱን ያጣል። አልሳስ ለዚህ ወይን ተስማሚ የሆነችው ሁለት ነገር ስላሟላች ነው። ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ የቮዥ ተራሮች ስለሚያግዱላት ኮልማር ከተማ ከፈረንሳይ ደረቅ ከተሞች አንዷ ናት፤ ስለዚህ ገበሬው ፍሬው ይበሰብስብኛል ብሎ ሳይሰጋ እስከ መስከረም ማለቂያና ጥቅምት መጠበቅ ይችላል። ሁለተኛው፣ በዚያ ወቅት ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ቅዝቃዜውም መዓዛው እስኪሞላ ድረስ ያለችውን ጥቂት ኮምጣጣነት ያቆይለታል።

በስምጥ ሸለቆ የመጀመሪያው ችግር አይሆንም፤ መግረዙ ፍሬው በበጋ እንዲበስል ተደርጎ ከተያዘ ደረቅ ወቅት አለ። የሚያሰጋው ሙቀቱ ነው። በአውሮፓ ክረምቱን ተኝቶ የሚያሳልፍ ተክል እዚህ እንቅልፍ ስለሌለው በመግረዝና በመስኖ ዑደቱን መምራት ያስፈልጋል፤ ያ ደግሞ ልምድ ያለው ባለሙያ ይጠይቃል። ከፍ ወዳለ ቦታ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ መሬታችሁ ወደ አርሲ ጎን ከፍ የሚል ከሆነ ከሜዳው ይልቅ ያኛው ያዋጣል። ከፍታው ሲበዛ ግን የበጋው ውርጭ ይመጣል፤ ይህ ዝርያ ደግሞ ከሌሎች ቀድሞ ስለሚያቆጠቁጥ ለጋው ቡቃያ በውርጭ ሲመታ በአውሮፓ የታወቀ ጉዳት ነው። አፈሩን በተመለከተ ሸክላነት ያለው አፈር ይወዳል፤ ኖራው የበዛ አፈር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ምርቱ በተስማማው ቦታ እንኳ ከብዙ ዝርያዎች ያነሰ ነው፤ ዘለላው ትንሽ መሆኑን ከላይ ጠቅሻለሁ።

ስለዚህ ሄክታር ሙሉ ከመትከል ይልቅ በሁለት የተለያዩ ከፍታዎች ላይ ጥቂት መደዳ ተክላችሁ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ የመጀመሪያውን ፍሬ ስታገኙ በየሳምንቱ ስኳሩንና አሲዱን እያስለካችሁ ብትመዘግቡ መልካም ነው። መዓዛውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ፍሬ ቀጥፋችሁ ሥጋውን ትፋችሁ ቅርፊቱን አኝኩት፤ ጽጌረዳው በመጣበት ሳምንት በመዝገባችሁ ላይ የቀረው አሲድ ምን ያህል እንደሆነ ተመልከቱና ጻፉልን።